የነፍሰ ጡር ትኩሳት አይደር፦ በእርግዝና ወራት ከኢንፌክሽን መጠበቅና የልጅ ኦቲዝም ሥጋት

«ሲስተር፣ እሱን በሆዴ ይዤ ሳለሁ በኅዳር ንዳድ ጥሎኝ ሳምንት ሙሉ ተኝቼ ነበር፤ ስሙን ስጠራው የማይዞርልኝ በዚያ ምክንያት ይሆን?» ይህን የጠየቀችኝ ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ ከሚወርደው ቆላ የሦስት ዓመት ልጇን አዝላ የመጣች እናት ነበረች። በምሥራቅ ጎጃም በአዋላጅ ነርስነት ባገለገልሁባቸው ዓመታት ተመሳሳይ ጥያቄ በተለያየ ቃል ብዙ ጊዜ ቀርቦልኛል። አንዷ የሽንት ማቃጠሏን፣ ሌላዋ «ምች ነው» ብላ በቤቷ ያሳለፈችውን ትኩሳት፣ ሌላዋ ደግሞ በአጨዳ ወቅት የያዛትን ጉንፋን እያነሣች ጥፋቱን ሁሉ በራሷ ላይ ትቆልላለች። ይህን ጽሑፍ ያዘጋጀሁት ለሁለት ዓይነት አንባቢ ነው። ዛሬ ነፍሰ ጡር ለሆነች ወይም ለማርገዝ ለምታስብ እናትና ለቤተሰቧ ምን ማድረግ እንደሚገባ በተግባር ለማሳየት፣ ልጇ ኦቲዝም ላለበት፣ ማለትም የአንጎሉ እድገት የተለየ ሆኖ ከሰው ጋር መግባባት ለሚከብደው፣ እናት ደግሞ ጥናቶቹ የሚሉትንና የማይሉትን ለይቼ ለመንገር ነው።

ሥጋቱ በልኩ ሲታይ

በእናት ኢንፌክሽንና በልጅ ኦቲዝም መካከል ግንኙነት እንዳለ ቀድሞ በጉልህ ያሳየው በሽታ ሩቤላ ነው። ሩቤላ ከኩፍኝ ጋር የሚመሳሰል፣ ነገር ግን በሌላ ቫይረስ የሚመጣ፣ በአዋቂ ላይ ቀለል ያለ ሽፍታና ትኩሳት አሳይቶ የሚያልፍ በሽታ ነው፤ በእርግዝና የመጀመሪያ ሦስት ወራት ሲይዝ ግን ቫይረሱ ራሱ ወደ ጽንሱ ገብቶ በጆሮ፣ በዐይን፣ በልብና በአእምሮ ላይ ጉዳት ያደርሳል። እ.ኤ.አ. በ1964 እና በ1965 በአሜሪካ በተነሣው ወረርሽኝ ወደ 20,000 የሚጠጉ ሕፃናት እንዲህ ተጎድተው ተወለዱ። የሥነ አእምሮ ሐኪሟ ስቴላ ቼስ በኒው ዮርክ ከእነዚህ መካከል 243 ልጆችን መርምራ እ.ኤ.አ. በ1971 ባወጣችው ጽሑፍ 18ቱ የኦቲዝም ምልክቶች በሙሉ ወይም በከፊል እንዳሉባቸው ገለጸች። በዚያ ዘመን ኦቲዝም ከ10,000 ልጆች በ4 ወይም በ5 ላይ ብቻ እንደሚገኝ ይታሰብ ስለነበር ይህ እጅግ ከፍተኛ ቁጥር ነበር።

ሌሎቹ ኢንፌክሽኖች ግን እንደ ሩቤላ አይደሉም። አብዛኛዎቹ ጽንሱ ዘንድ አይደርሱም፤ ተመራማሪዎች የሚጠረጥሩት ተሕዋሲያኑን ሳይሆን፣ የእናቲቱ ሰውነት እነርሱን ሲዋጋ የሚያመነጫቸውን ንጥረ ነገሮችና ትኩሳቱን ራሱን ነው። በቤተ ሙከራ እርጉዝ አይጥ ሕያው ቫይረስ ሳይሰጣት የመከላከያ ኃይሏ ብቻ እንዲቆጣ ሲደረግ፣ ኢንተርሉኪን 6 የተባለው ንጥረ ነገር በደሟ ውስጥ በዝቶ የምትወልዳቸው ልጆች የአንጎል እድገትና ጠባይ ሲለወጥ ታይቷል።

በሰዎች ላይ የተደረጉት ትልልቅ ጥናቶች በአብዛኛው የመጡት የነዋሪያቸውን የጤና መዝገብ ለረጅም ዘመን ከያዙት ከሰሜን አውሮፓ አገሮች ነው። በዴንማርክ 96,736 ልጆችን የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2012 የወጣው ጥናት በእርግዝና ወቅት የሚያጋጥሙ የተለመዱ ቀላል ሕመሞች ሥጋቱን እንደሚጨምሩ የሚያሳይ ብዙም ማስረጃ አላገኘም፤ ለረጅም ቀናት የቆየ ትኩሳት ግን ከፍ ካለ ሥጋት ጋር ተያይዞ ተገኘ። በኖርዌይ 95,754 ልጆችን መሠረት አድርጎ እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው ደግሞ ከ12ኛው ሳምንት በኋላ ሦስት ጊዜና ከዚያ በላይ ትኩሳት የተመላለሰባቸው እናቶች ልጆች ላይ ሥጋቱ ሦስት እጥፍ ገደማ ሆኖ አገኘው። በስዊድን እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ ጥናት በእርግዝናቸው ወራት በኢንፌክሽን ምክንያት ሆስፒታል የተኙ እናቶችን መርምሮ ጭማሪው 30 በመቶ ገደማ እንደሆነ ገመተ። ይኸው 30 በመቶ ብዙ እናቶችን ስላስደነገጠ በቁጥር እንየው። የዓለም ጤና ድርጅት ለ2021 በሰጠው ግምት ከ127 ሰዎች አንዱ ኦቲዝም አለበት፤ ይህም ከ1,000 ልጆች 8 ያህል ማለት ነው። በዚህ ላይ 30 በመቶ ሲጨመር ከ1,000 ልጆች 10 ያህል ይሆናል። የቀሩት 990 ልጆች እናታቸው ሆስፒታል እስክትተኛ ድረስ ታማ እንኳ ኦቲዝም የለባቸውም።

ከዚህም በላይ እ.ኤ.አ. በ2022 በስዊድን 549,967 ልጆችን ያካተተ ሌላ ጥናት ወጣ፤ እኔ ለሚጨነቁ እናቶች ደጋግሜ የምነግራቸው እርሱን ነው። ጥናቱ ከአንድ እናት የተወለዱ ልጆችን እርስ በርሳቸው ሲያነጻጽር፣ ማለትም እናቲቱ ታማ የወለደችውን ሳትታመም ከወለደችው ጋር ሲያስተያይ፣ በኢንፌክሽኑና በኦቲዝሙ መካከል ይታይ የነበረው ግንኙነት አልጸናም። ከእርግዝናው በፊት በነበረው ዓመት የያዘ ኢንፌክሽን እንኳ ተመሳሳይ ግንኙነት አሳይቷል፤ ገና ያልተጸነሰ ልጅ ደግሞ በኢንፌክሽን ሊጎዳ አይችልም። ስለዚህ ቢያንስ የግንኙነቱ አንድ ክፍል የመጣው ከሕመሙ ሳይሆን ቤተሰቡ ከሚጋራው የዘር ውርስና ኑሮ ነው። ለኦቲዝም ከታወቁት ምክንያቶች ሁሉ ትልቁን ድርሻ የሚይዘውም ከዘር የሚወረሰው ነው።

እነዚህ ጥናቶች ወባ በሌለባቸው አገሮች የተደረጉ ስለሆኑ ቁጥራቸውን እንዳለ አምጥቶ በጃቢ ጠህናን ወይም በዓባይ ሸለቆ በወባ በታመመች እናት ላይ መለጠፍ አይገባም። ከጥናቶቹ ወስጄ በሥራዬ ላይ የማውለው አንድ ነገር ነው። ጉዳት ካለ፣ ያለው ከብዶ ከቆየና ከተመላለሰ ሕመም ጋር እንጂ ቶሎ ከታከመ ሕመም ጋር አይደለም። ኢንፌክሽን ሳይታከም ሲቆይ ደግሞ ከኦቲዝም ይልቅ ጥርጥር የሌለባቸውን ጉዳቶች ያመጣል፤ ውርጃን፣ ያለቀኑ መወለድን፣ የክብደት ማነስን፣ የእናትን ሞት። ከዚህ በታች የተጻፈው ሁሉ ለእነዚህም ጭምር ነው።

ከማርገዝ በፊትና በመጀመሪያዎቹ ወራት

የሩቤላ ክትባት በእርግዝና ወቅት አይሰጥም፤ ከማርገዝ ቢያንስ አንድ ወር አስቀድሞ መወሰድ አለበት። በልጅነት የተወሰደ የኩፍኝ ብቻ ክትባት ከሩቤላ አይከላከልም፤ ስለዚህ ለማርገዝ የሚያስቡ ከሆነ ሩቤላን ያካተተ ክትባት በአቅራቢያዎ ይገኝ እንደሆነ በጤና ጣቢያ ይጠይቁ። ፎሊክ አሲድ የተባለውን ቫይታሚንም በቀን 0.4 ሚሊግራም ከማርገዝ በፊት ጀምሮ መውሰድ የሕፃኑን የጀርባና የአንጎል አፈጣጠር እንደሚጠብቅ የተረጋገጠ ነው፤ በኖርዌይ 85,176 ልጆች ላይ ተደርጎ እ.ኤ.አ. በ2013 የወጣ ጥናትም በዚያን ጊዜ ፎሊክ አሲድ የወሰዱ እናቶች ልጆች ላይ ኦቲዝም አነስ ብሎ መታየቱን ገልጿል።

በአገራችን እርግዝና ሆድ ገፍቶ እስኪታይ ድረስ ለሰው አይነገርም። ልማዱ ሰው እንዳያውቅባት፣ ዐይን እንዳያርፍባት ከመስጋት የመጣ ስለሆነ እናቲቱን አልወቅስም፤ ነገር ግን በዚሁ ምክንያት ብዙዎች ለመጀመሪያ ጊዜ ወደ ክትትል የሚመጡት በአምስተኛው ወር ነው፤ ለጽንሱ አንጎል ወሳኝ የሆነው ጊዜም ግማሹ አልፏል። ለጎረቤት አለመንገር ይቻላል፤ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ግን ወሩ እንዳለፈ ይንገሯት። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2016 ጀምሮ ቢያንስ 8 ጊዜ ክትትል እንዲደረግና የመጀመሪያው ከ12ኛው ሳምንት በፊት እንዲሆን ይመክራል። በዚያ ቀን ለቂጥኝ፣ ለኤች አይ ቪና ለጉበት ቫይረስ ቢ ደም ይሰጣሉ፣ ሽንት ይመረመራል፣ የመንጋጋ ቆልፍ ክትባት ይጀመራል። ቂጥኝ ከተገኘ በፔኒሲሊን መርፌ ይድናል፤ ባልየው አብሮ ካልታከመ ግን በሽታው ተመልሶ ይይዛታል። ስለዚህ ባሎችን አንድ ነገር እለምናለሁ፦ ሚስትዎ ለመጀመሪያው ክትትል ስትሄድ በር ላይ አይጠብቁ፤ አብረው ገብተው ይመርመሩ።

ትኩሳት ሲመጣ

ቴርሞሜትር ርካሽ ዕቃ ነው፤ ነፍሰ ጡር ባለችበት ቤት ሁሉ ቢኖር ደስ ይለኛል። በብብት ሲለካ 37.5 ዲግሪና ከዚያ በላይ ከሆነ ትኩሳት አለ። ቴርሞሜትር ከሌለ ብርድ ብርድ ማለትን፣ መንቀጥቀጥን፣ የመገጣጠሚያ ቁርጥማትንና የግንባር መጋልን እንደ ትኩሳት ይቁጠሩት።

ችግሩ የሚጀምረው ለትኩሳቱ ስም በማውጣት ነው። «ምች መታኝ»፣ «ብርድ ነው»፣ «የድካም ነው» ከተባለ በኋላ ሕክምናው በዚያው ስም ይሄዳል፤ ዳማ ከሴ ይታሻል፣ በር ይዘጋል፣ ጋቢ ይደረባል፣ ሦስት ቀንም ያልፋል። እናቶቻችን ሲያደርጉት የኖሩትን አልንቅም፤ ዳማ ከሴን አሽቶ ማሽተት የሚጎዳ ነገር የለውም። ነገር ግን ምች የተባለው ትኩሳት በምርመራ ሲታይ ብዙ ጊዜ ወባ፣ የኩላሊት ኢንፌክሽን ወይም የሳንባ ምች ሆኖ ይገኛል፤ እነዚህን ዳማ ከሴ አያድናቸውም። ጭማቂውንም ሆነ ፌጦን አብዝቶ መጠጣት ለጽንስ የሚስማማ መጠኑ ተለክቶ ስለማይታወቅ ይቅር። ኮሶ ግን በእርግዝና ጊዜ በምንም ምክንያት አይጠጣ፤ ጽንስ ያስወርዳል፣ እናቲቱንም ይጎዳል። አረቄ በነጭ ሽንኩርት ማለትም መድኃኒት አይደለም፤ አልኮል ራሱ የጽንሱን አንጎል ይጎዳል።

ስለዚህ ትኩሳት በተሰማዎት ሰዓት የሚከተለውን ያድርጉ። የደረቡትን ልብስ ያቅልሉ፣ መስኮት ይክፈቱ፣ ለብ ባለ ውኃ በተነከረ ጨርቅ ግንባርዎንና ብብትዎን ያብሱ፣ ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ፣ አጥሚት ወይም ሾርባ ቶሎ ቶሎ ይጠጡ። ባለ 500 ሚሊግራም ፓራሲታሞል አንድ ወይም ሁለት ፍሬ ይውሰዱ፤ ካስፈለገ ከ6 ሰዓት በኋላ ሊደገም ይችላል፣ በ24 ሰዓት ውስጥ ግን ከ8 ፍሬ ማለፍ የለበትም። አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ፣ በተለይ ከአምስተኛው ወር ጀምሮ፣ የጽንሱን ኩላሊትና ልብ ስለሚጎዱ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይወሰዱም። ከዚያም በዚያው ዕለት ወደ ጤና ኬላ ወይም ጤና ጣቢያ ይሂዱ። ፓራሲታሞሉ ትኩሳቱን ቢያበርደው እንኳ ይሂዱ፤ መድኃኒቱ የሚያበርደው ትኩሳቱን እንጂ የትኩሳቱን ምክንያት አይደለም።

ስለ ፓራሲታሞል እዚህ ላይ ቆም ማለት ይገባኛል። እ.ኤ.አ. በመስከረም 2025 የአሜሪካ መንግሥት ባለ ሥልጣናት መድኃኒቱ በእርግዝና ወቅት ሲወሰድ ከኦቲዝም ጋር ሊያያዝ ይችላል ካሉ በኋላ ወሬው በስልክ እየተላለፈ እኛም ዘንድ ደርሷል፤ ትኩሳቷን ይዛ መድኃኒቱን የፈራች እናት በዐይኔ አይቻለሁ። የዓለም ጤና ድርጅት ወዲያው በሰጠው መግለጫ ይህን ግንኙነት የሚያረጋግጥ ወጥ ማስረጃ እንደሌለ አስታውቋል። በስዊድን ወደ 2.5 ሚሊዮን ልጆችን ያካተተውና እ.ኤ.አ. በ2024 የታተመው ጥናትም የአንድ ቤት ልጆችን እርስ በርስ ሲያነጻጽር ምንም ግንኙነት አላገኘም። መድኃኒቱ በልኩና ለአጭር ቀናት ይወሰድ፤ ትኩሳትን ግን ፈርቶ ማሳደር ከመድኃኒቱ የከፋ ነው።

ሕክምና ቦታ ሲደርሱ በመጀመሪያ የሚናገሩት ነፍሰ ጡር መሆንዎንና የስንት ወር እንደሆነ ይሁን። ሆድ ገና ካልገፋ ባለሙያው ሊያውቅ አይችልም። ቴትራሳይክሊን፣ ዶክሲሳይክሊንና ሲፕሮፍሎክሳሲን የመሳሰሉት ለሌላ ሰው የሚታዘዙ መድኃኒቶች ለነፍሰ ጡር አይሰጡም፤ በቤት የተረፈ ወይም ጎረቤት የሰጠችው ክኒን የማይዋጠው ስለዚህ ነው። ጠበል መጠመቅ ለሚወዱ እናቶችም ይህን እላለሁ፦ ጠበሉን ማንም አይከለክልዎትም፤ ነገር ግን ትኩሳቱ ሳይበርድ በማለዳ ቀዝቃዛ ውኃ ውስጥ መቆም ያዳክማል፣ የታዘዘውንም መድኃኒት ማቋረጥ አይገባም። በጾም ወራት ከታመሙ የንስሐ አባትዎን ያማክሩ፤ በሕመም ላይ ያለች ነፍሰ ጡር መብላት እንዳለባት የሚመክሩ አባቶች ብዙ ናቸው።

የሚከተሉት ከታዩ ደግሞ ጊዜው ሌሊትም ቢሆን ሳይነጋ መሄድ ያስፈልጋል፦ 38 ዲግሪና ከዚያ በላይ የሆነና በፓራሲታሞል የማይበርድ ትኩሳት፣ የአንገት መገተር፣ ራስን መሳት ወይም መንዘፍዘፍ፣ የትንፋሽ ማጠር፣ ከጎድን በታች ጀርባን የሚወጋ ሕመም፣ መጥፎ ጠረን ያለው ፈሳሽ፣ የሽርት ውኃ መፍሰስ፣ ደም፣ የጽንሱ እንቅስቃሴ መቀነስ። ከመንገድ የራቀ ቀበሌ የሚኖሩ ከሆነ፣ ወይም መንገድ የሚዘጋበት ቀን ካለ፣ ማን እንደሚሸከምዎት፣ በማን ባጃጅ ወይም ቃሬዛ እንደሚሄዱና ለዚህ የተቀመጠ ገንዘብ የት እንዳለ ገና ሳይታመሙ ከቤተሰብዎ ጋር ይወስኑ።

ወባ

በጎጃም ወባ የሚበረታው ክረምቱ ሲወጣ፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ፣ ከዚያም እንደገና በግንቦትና በሰኔ ነው። የደጋ ሰው «እኛ ዘንድ ወባ የለም» ይላል፤ ይሁን እንጂ በአጨዳ ጊዜ ወደ መተማና ወደ ሁመራ ለሥራ የወረደ ባል ወይም ልጅ በሽታውን ይዞ ሲመለስ፣ ወይም እናቲቱ ራሷ ለዘመድ ጥየቃ ወደ ቆላ ወርዳ ስትመለስ ደጋ ላይ ያለች ነፍሰ ጡርም ትያዛለች። የወባ ተሕዋስያን በነፍሰ ጡር ላይ ልዩ ጠባይ አላቸው፤ በተለይ ፋልሲፓረም የተባለው ዓይነት በእንግዴ ልጁ ውስጥ ስለሚሰበሰብ በጣት ደም ላይ ጥቂት ሆኖ ሲታይ እንኳ ጽንሱን ከምግብና ከአየር ሊያጓድለው ይችላል።

ስለዚህ አጎበሩ ከግንቦት ጀምሮ ተሰቅሎ ይቆይ። አንድ አጎበር ብቻ ካለ ነፍሰ ጡሯና ትንንሾቹ ልጆች ይተኙበት። ጫፉ ከፍራሹ ሥር ይገባ፣ የተቀደደው ይሰፋ፣ ለእህል ማሰሪያና ለአጥር አይዋል። ሕመሙ ከመጣ በጣት ደም የሚደረገው ምርመራ ውጤቱ በጥቂት ደቂቃ ይታወቃል። ኮአርተም የሚባለውን መድኃኒት የዓለም ጤና ድርጅት ከ2022 ወዲህ በመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራትም እንዲሰጥ ስለፈቀደ «ገና ነው፣ ጽንሱን ይጎዳል» ብለው አይፍሩ። ሕክምናው በሦስት ቀን ስድስት ጊዜ የሚወሰድ ሲሆን፣ ሰውነት በደንብ እንዲቀበለው ቅባት ካለው ምግብ ወይም ከወተት ጋር መዋጥ አለበት፤ በጾም ወራት የኑግ ወይም የሰሊጥ ዘይት የገባበት ወጥ ይበቃል። ፕሪማኪን የሚባለው ሌላው የወባ መድኃኒት ግን ለነፍሰ ጡር አይሰጥም። በሁለተኛው ቀን ሲሻልዎት የቀረውን ክኒን ለሌላ ጊዜ አያስቀምጡ። ትኩሳት እንዲመላለስ የሚያደርገው ይኸው ነው፤ በኖርዌዩ ጥናት ከፍ ካለ ሥጋት ጋር የተያያዘውም የተመላለሰው ትኩሳት እንደሆነ ከላይ አይተናል።

ሽንት

በእርግዝና ጊዜ የማሕፀን ማደግና የሆርሞን ለውጥ ሽንት በቧንቧው ውስጥ እንዲዘገይ ስለሚያደርጉ ኢንፌክሽን በቀላሉ ይፈጠራል። አንዳንድ ጊዜ ማቃጠል ሳያመጣ ተደብቆ ይቆይና በድንገት ኩላሊት ላይ ወጥቶ ኃይለኛ ትኩሳት ያመጣል፤ «የኩላሊት ብርድ» ተብሎ በቤት የሚታለፈው ብዙ ጊዜ ይህ ነው። በክትትል ቀን ሽንት ስጡ ስትባሉ «ምንም አላመመኝም» ብሎ ማለፍ የማይገባው ስለዚህ ነው። መድኃኒት ከታዘዘ ብዙውን ጊዜ የሰባት ቀን ነው፤ ሰባቱንም ቀን ይውሰዱ። ሽንትን አይቋጥሩ። ሲታጠቡና ሲጠራረጉ ከፊት ወደ ኋላ ይሁን። ቀኑን ሙሉ እርሻ ላይ የምትውል እናት ሜዳ ላይ ለመቀመጥ እያፈረች ውኃ ከመጠጣት ስትታቀብ አያለሁ፤ ይህ የሚጎዳው እርሷን ነው። ውኃ በጀሪካን ይዛ ትሂድ፣ አብረዋት ያሉትም ከለል ያለ ቦታ ይፈልጉላት።

ማዕድ ቤትና ትንንሽ ልጆች

በፋሲካ ቅርጫ ሲገባ ጥሬ ሥጋ ያምራል፤ ለነፍሰ ጡር ግን ለዘጠኝ ወር ይቅርባት። ቶክሶፕላዝማ የተባለው ተሕዋስ በጥሬ ሥጋና በድመት ዓይነ ምድር ውስጥ ይኖራል፤ በእርግዝና ወቅት ለመጀመሪያ ጊዜ ከያዘ ወደ ጽንሱ ተሻግሮ አንጎሉንና ዐይኑን ይጎዳል። ክትፎም ቢሆን በደንብ ይብሰል። ጎመን ወይም ሰላጣ ከጓሮ ሲለቀም ድመት አፈሩ ላይ ልትጸዳዳ እንደምትችል ታስቦ በብዙ ውኃ ይታጠብ፣ ከአፈር ሥራ በኋላ እጅ በሳሙና ይታጠብ። ወተት ይፈላ፤ ካልፈላ ወተት የተረጋ እርጎና አይብም በሊስቴሪያና በብሩሴላ ባክቴሪያ ምክንያት ጽንስ ሊያስወርዱ ይችላሉ። ላም ወይም ፍየል ስትጨነግፍ እንግዴ ልጁን ነፍሰ ጡር በእጇ አታንሣ፤ ሌላ ሰው እጁን ሸፍኖ ያንሣው።

ብዙ ሰው የማያውቀውን አንድ ነገር ልጨምር። ሳይቶሜጋሎ የተባለ ቫይረስ በትንንሽ ልጆች ምራቅና ሽንት ውስጥ ለወራት ይኖራል፤ በልጆቹ ላይ ምንም ሳያሳይ ወደ ነፍሰ ጡሯ ከተላለፈ ግን የጽንሱን የመስማት ችሎታና አንጎል ሊጎዳ ይችላል። እኛ ደግሞ ልጅ ያስተረፈውን ጉርሻ እናት ትጨርሰዋለች፣ በአንድ ማንኪያ አብረው ይበላሉ፣ ልጅ ከንፈር ላይ ይሳማል። ፍቅሩ አይቅር፤ ግንባሩን ይሳሙት፣ ያስተረፈውን ሌላ ሰው ይጨርሰው፣ ጨርቁን ከቀየሩ በኋላም እጅዎን በሳሙና ይታጠቡ።

በቤት ውስጥ የሚያስል ሰው ካለ ከነፍሰ ጡሯ ራቅ ብሎ ይተኛ፤ ሳሉ ከሁለት ሳምንት ካለፈ ለሳንባ ነቀርሳ ይመርመር።

ልጁ ከተወለደ በኋላ

በእርግዝና ጊዜ ከባድ ሕመም ያሳለፈች እናት ልጇን በፍርሃት ሳይሆን በትኩረት ትከታተለው። በአንድ ዓመቱ ስሙ ሲጠራ የማይዞር፣ በዓመት ከመንፈቁ የሚፈልገውን በጣቱ የማይጠቁም ወይም ለማሳየት የማያመጣ፣ በ16 ወሩ አንድም ቃል የሌለው፣ በሁለት ዓመቱ ሁለት ቃል አጣምሮ የማይናገር፣ ወይም በማንኛውም ዕድሜ የነበረውን ንግግር ያጣ ልጅ መመርመር አለበት። «ወንድ ልጅ አፉን ዘግይቶ ይፈታል»፣ «አባቱም እንዲህ ነበር» እየተባለ አራትና አምስት ዓመት መጠበቅ ልጁን ይጎዳዋል። ቡዳ ነው፣ ልክፍት ነው፣ የወላጅ ኃጢአት ነው ብሎ መደበቅም እንዲሁ። ክትባት ኦቲዝም እንደማያመጣ በብዙ አገሮች በተደረጉ ትልልቅ ጥናቶች ስለተረጋገጠ የልጁ ክትባት አይቋረጥ። በባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ወይም ጥበበ ጊዮን፣ በደብረ ማርቆስም ሪፈራል ሆስፒታሉ ዘንድ ሄደው የሕፃናት ሐኪም ማግኘት ይቻላል፤ ጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ይጽፍልዎታል። ሲሄዱ የእርግዝና ክትትል ካርድዎን፣ የልጁን የክትባት ካርድና ልጁ ሲጫወት በስልክ የተቀረጸ አጭር ቪዲዮ ይያዙ፤ ልጁ ከእንግዳ ሰው ፊት ሲቀርብ ሌላ ስለሚሆን ቪዲዮው ለሐኪሙ ብዙ ይነግረዋል።

ወላጅነት ብቻውን ምን ሊሠራ እንደሚችል አዲስ አበባ ውስጥ ታይቷል። ዘሚ የኑስ የኦቲዝም ልጅ እናት ነበረች፤ የሚቀበለው ትምህርት ቤት ስላጣች እ.ኤ.አ. በ2002 ጆይ የኦቲዝም ማዕከልን አቋቋመች፤ እ.ኤ.አ. በ2021 እስክታርፍም ድረስ ስለ ኦቲዝም በአደባባይ መናገርን አላቋረጠችም። ወላጆች ጥፋተኛ እንዳልሆኑ በአማርኛ ሲነገር ብዙዎቻችን የሰማነው ከእርሷ ነው።

ከደጀን ቆላ የመጣችውን እናት ያሳለፈችው ንዳድ የልጇን ጠባይ እንዳላመጣ በቀጥታ ልነግራት አልቻልሁም፤ እንዳመጣም የሚናገር ሐኪም እንደማይኖር ግን ነገርኋት፤ በአንድ ልጅ ላይ ምክንያቱን ለይቶ የሚያሳይ ምርመራ የለምና። በሪፈር ወረቀቷ ላይ በመጀመሪያ የጻፍሁት የጆሮ ምርመራ እንዲደረግለት ነው፤ ስሙ ሲጠራ የማይዞር ልጅ አስቀድሞ መስማት አለመስማቱ መታወቅ አለበት። ቀጠሮዋ እስኪደርስ በቤቷ የምትሠራውንም አሳየኋት፦ መሬት ላይ ቁጭ ብላ ዐይኗን ከዐይኑ እኩል እንድታደርግ፣ የሚወደውን ዕቃ በፊቷ አጠገብ ይዛ ስሙን አንድ ጊዜ ብቻ እንድትጠራና እንድትጠብቅ፣ ከዞረላት ወዲያው እንድትሰጠው፣ ይህንም በቀን ደጋግማ እንድታደርገው። እዚያው ክፍል ውስጥ በብርቱካን ሞከረችው። በአራተኛው ጊዜ ዞረ።